ዝናብ እየጣለ ቧንቧው ለምን ይደርቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድግ ልጅ አንድ ቀን ሳይጠይቀው የማይቀር ጥያቄ አለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ቦዩ ሞልቶ አስፋልቱን እያጥለቀለቀ፣ ጫማችሁ ውስጥ ሳይቀር ውሃ ገብቶ ቤት ስትደርሱ፣ ቧንቧው «ፍስስስ» ብሎ አየር ብቻ ይተፋል። እናታችሁ ጀሪካኑን አሰልፋ «ዛሬ ፈረቃችን አይደለም» ትላለች። ከሰማይ እንዲህ እየወረደ ምነው ለእኛ ጠፋ?

አዋቂዎች ይህን ስትጠይቋቸው ብዙ ጊዜ ይስቃሉ። መሳቅ አልነበረባቸውም፤ መሐንዲሶች ዕድሜ ልካቸውን የሚደክሙበት ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። አንደኛው ተፈጥሮ ውሃን የምታዞርበት መንገድ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ሰው ኖረም አልኖረም ይዞራል። ሁለተኛው፣ ሰዎች ከዚያ ዑደት ላይ ጥቂት ውሃ ጠልፈው፣ አጥርተው፣ ገፍተው ቤታችሁ የሚያደርሱበት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሞላ ማለት ሁለተኛው ሞላ ማለት አይደለም።

ከባሕር ወደ እንጦጦ

የትምህርት ቤት መጽሐፋችሁ ላይ የውሃ ዑደት በክብ ተስሎ አይታችኋል፦ ፀሐይ፣ ባሕር፣ ደመና፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ ከዚያ ተመልሶ ባሕር። ሥዕሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ነገሩን ከልክ በላይ ያሳምረዋል። እውነተኛው ዑደት ቀስቶቹ እንደሚያሳዩት በወጉ አይዞርም። ተንኖ አየር ላይ የወጣ ውሃ በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ቆይቶ ይወርዳል። ውቅያኖስ ውስጥ የገባው ግን በአማካይ 3,000 ዓመት ገደማ እዚያው ይቆያል። አንታርክቲካ ላይ በረዶ ሆኖ ከተኛው ውስጥ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ አለ።

ብዛቱስ? ከምድር ገጽ ከመቶ 71 እጁ በውሃ የተሸፈነ ነው፤ ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ የውሃ ችግር ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። የዓለምን ውሃ በሙሉ 100 ሊትር ብቻ ነው ብለን እናስብ። 97 ሊትሩ ጨው ነው። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ በረዶ ሆነዋል፤ የመጨረሻው ሊትርም አብዛኛው ከመሬት በታች ተደብቋል። ዓባይም፣ ጣናም፣ አማዞንም፣ በዓለም ያለ ወንዝና ጨው አልባ ሐይቅ ሁሉ ቢደመር ከዚያ መቶ ሊትር ላይ ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። የሰው ልጅ ከተማውንና እርሻውን ሲቆረቁር የኖረው በአብዛኛው ይህችን ማንኪያ ተከትሎ ነው።

ውሃውን ወደ ላይ የምታነሣው ፀሐይ ናት። ለመትነን መፍላት አያስፈልግም፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ማንም ሳያፈላው ይደርቃል። ውሃ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይፈጥናሉ፣ ከሁሉ የፈጠኑት ከገጹ አምልጠው አየር ውስጥ ይገባሉ። ጨው ግን አብሮ መውጣት አይችልም፤ እዚያው ይቀራል። ከውቅያኖስ የተነሣ ዝናብ ጨው ጨው የማይለው ለዚህ ነው። ዛፎችም ከሥራቸው የሳቡትን ውሃ በቅጠላቸው ወደ አየር ይለቃሉ። «ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ውሃ የማይጠጣ ዛፍ የለም፤ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ስለሚያድግ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙም ይተነፍሳል።

በክረምት አዲስ አበባ ላይ የሚወርደው ዝናብ የአዲስ አበባ ተወላጅ አይደለም። እርጥበቱን ነፋስ ያመጣዋል፦ ከፊሉ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከፊሉ ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ጫካ በኩል። የምዕራቡ መንገድ ለብቻው የሚገርም ነው። ከአትላንቲክ የተነሣው ውሃ ኮንጎ ላይ ይዘንባል፣ ዛፎቹ ይጠጡታል፣ በቅጠላቸው መልሰው ወደ አየር ይለቁታል፣ ነፋሱ እንደገና አንሥቶ ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ጠብታ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሣ ማን ቆጥሮት!

ያ እርጥብ ነፋስ የኢትዮጵያን ደጋ ሲያገኝ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ እንደ ሞቃቱ ብዙ ተን መሸከም አይችልም። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ሲነሣ ውስጡ በጠብታ ተሸፍኖ አይታችኋል አይደል? ከምጣዱ የተነሣው ተን ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ተለጠፈ። ሰማይ ላይ ግን አክንባሎ የለም። ተኑ የሚለጠፍበት ነገር ይፈልጋልና አቧራ፣ ጭስ፣ ከባሕር የተነሣ የጨው ብናኝ፣ ያገኘው ላይ ሁሉ ይለጠፋል። እያንዳንዱ የዝናብ ጠብታ ውስጥ ዓይን የማያያት አንዲት ብናኝ አለች ማለት ነው።

የደመና ጠብታ በጣም ትንሽ ናት፤ 50 ያህሉ ተደርድረው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። አንድ ተራ የዝናብ ጠብታ ለመሆን አንድ ሚሊዮን ያህል የደመና ጠብታዎች መገናኘት አለባቸው። ሰማዩ ጠቁሮ ውሎ ሳይዘንብ የሚቀርባቸው ቀኖች ምስጢር ይኸው ነው፤ ውሃው ነበረ፣ ግን ጠብታዎቹ አልገጠሙም። ደግሞ ደመና ቀላል እንዳይመስላችሁ። በየአቅጣጫው አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ነጭ ደመና በውስጡ 500 ቶን ገደማ ውሃ ይይዛል። የማይወድቀው ጠብታዎቹ ከማነሳቸው የተነሣ ከሥር የሚነሣው አየር ስለሚደግፋቸው ነው።

በመጨረሻ ጠብታው ከብዶ ይወድቃል እንበል። የሚወድቀውም እንጦጦ ላይ፣ ልክ ከጋራው ጫፍ ላይ። እዚህ ጋ የእጅ ስንዝር ዕጣ ይለያል። ጠብታው ወደ ሰሜን ካዘነበለ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፣ ሙገር ወንዝ ይገባል፣ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ሊደርስ ይችላል። ወደ ደቡብ ካዘነበለ ግን በአዲስ አበባ ጅረቶች ወርዶ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ወዴት እንደሚሄድ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

የቆርቆሮው ሒሳብ

አሁን ወደ ጥያቄያችን። በሬዲዮ «20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ» ሲባል ምን ማለት ነው? ዝናቡ ሳይፈስስና መሬት ሳይመጠው ባለበት ቢቆም ጥልቀቱ 20 ሚሊ ሜትር ይሆን ነበር ማለት ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ አስቀምጡና ዝናቡ ሲያባራ በማስመሪያ ለኩ፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ከእናንተ የሚለዩት መሣሪያቸው የተሻለ በመሆኑ ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 800 ሊትር ይወርዳል፤ 40 ጀሪካን! እናታችሁ ፈረቃ የምትጠብቀው ውሃ በጣሪያችሁ ላይ አልፏል።

ሒሳቡን ለከተማው በሙሉ እንሥራው። አዲስ አበባ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሁሉም ቦታ እኩል ቢጥል ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ነው። ከከተማዋ ትላልቅ የውሃ ምንጮች አንዱ የሆነው የለገዳዲ ግድብ ሞልቶ የሚይዘው ከዚህ አራት እጥፍ ገደማ ነው። በአንድ ጠንካራ ዝናባማ ከሰዓት የለገዳዲን ሩብ የሚያህል ውሃ በራሳችን ላይ ይፈስሳል ማለት ነው።

ያ ሁሉ የት ይሄዳል? አብዛኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጥሎን ይሄዳል። አስፋልትና ሲሚንቶ ውሃ አያሰርግም፤ ጣሪያው ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ጅረት፣ ጅረቱ ወደ አቃቂ ይሰጠዋል። መንገዱንም ሲያጥብ ነው የሚሄደው፤ ዘይት፣ ፌስታል፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ሁሉ ይዞ ይወርዳልና ቢጠራቀም እንኳ ለመጠጥ ለማብቃት መከራ ነው። ግድብ የሚይዘው በራሱ ተፋሰስ ውስጥ፣ ማለትም ከግድቡ በላይ ባለው መሬት ላይ የወደቀውን ዝናብ ብቻ ነው። ፒያሳ ላይ ቢዘንብ ለለገዳዲ ምኑም አይደለም። ለገዳዲ ከከተማው በስተምሥራቅ ነው፤ ፒያሳ ላይ የወረደ ውሃ ሽቅብ አይሄድለትም።

የሚሰርገውስ? አፈርና ሣር ባለበት ከዝናቡ የተወሰነው ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር ያለው ከጥንት እሳተ ገሞራ የተሠራ ዐለት ነው፤ ስንጥቆቹና ቀዳዳዎቹ ውሃ ይይዛሉ። ከከተማው በስተደቡብ፣ በአቃቂ በኩል፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር የሚወርዱ ጉድጓዶች ተቆፍረው ይህ ውሃ በፓምፕ ይወጣል፤ ዛሬ የከተማዋ ውሃ ትልቅ ክፍል ከዚያ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ አፈሩና ዐለቱ ስለሚያጣራው ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ቦታ ውሃው ከዐለቱ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አብዝቶ ስለሚሟሟበት የልጆች ጥርስ ቡናማ ይሆናል። ጥርት ያለ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የከርሰ ምድር ውሃ ሌላም ጠባይ አለው፤ ቀርፋፋ ነው። ዛሬ የምትጠጡት የጉድጓድ ውሃ እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት የዘነበ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ከተቀዳና በዝግታ ከተተካ፣ የጉድጓዱ ውሃ ከዓመት ዓመት እየራቀ ይሄዳል።

የለገዳዲ ጭቃ

አዲስ አበባ ሦስት ግድቦች ውሃ ያቀብሏታል፦ ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ። ገፈርሳ በስተምዕራብ ሲሆን ከሁሉም ያረጀ ነው፤ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ ደግሞ በ1990ዎቹ መግቢያ ሥራ ጀመሩ። የግድብ ትልቁ ሥራ ክረምትን ለበጋ ማቆየት ነው። ዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ ይወርዳል፤ ጥማችን ግን አሥራ ሦስቱንም ወር ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ለገዳዲ የሚገባው ውሃ ለሐምሌ ብቻ አይደለም፤ ለሚያዝያም የተቀመጠ ነው።

ክረምት ለማጣሪያ ጣቢያው ግን በዓል አይደለም። ለምን እንደሆነ በቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ የጎርፍ ውሃ ቅዱና መስኮት ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል። ደለሉም እስኪመሽ ይረጋል። ነገር ግን በማግሥቱም፣ በሳምንቱም ውሃው ቡናማ እንደሆነ ነው። የቀረው ሸክላ ነው፤ ቅንጣቶቹ እጅግ ጥቃቅን ከመሆናቸውም በላይ ሁሉም በላያቸው አንድ ዓይነት፣ ነጌቲቭ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሙል ስላለ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ተጠግተው ስለማይጣበቁ አይከብዱም፣ ስለማይከብዱም አይወርዱም። ለገዳዲ የሚገባው ውሃ በዚህ ዓይነቱ ጭቃ የታወቀ ነው።

መፍትሔው አሉሚኒየም ሰልፌት፣ በተለምዶ አልም የሚባለው ኬሚካል ነው። አልም ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ተቃራኒውን ሙል ይዞ ይመጣና መገፋፋቱን ያስታግሣል። ቅንጣቶቹ መጣበቅ ይጀምራሉ፤ ቀስ ብሎ ሲማሰል ዓይን የሚያያቸው ብጥስጣሾች ይሆናሉ፤ በትልቅ ገንዳ ውስጥ ሲረጋ ወደ ታች ይቀመጣሉ። ከላይ የቀረው ውሃ በአሸዋ ውስጥ ያልፋል። አሸዋው የተረፈውን ቆሻሻ ይይዛል፤ ሲደፈን ደግሞ ከሥር ወደ ላይ ንጹሕ ውሃ ተገፍቶበት ይታጠባል፣ ያን ጊዜ ያ ማጣሪያ ሥራ ያቆማል። እንግዲህ አስቡት፤ ዝናቡ በበረታ ቁጥር ውሃው ይደፈርሳል፣ ብዙ አልም ይፈልጋል፣ አሸዋው ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። ከጥያቄያችን መልስ አንዱ ክፍል እዚህ አለ፤ ዝናቡ ራሱ ማጣሪያውን ያዘገየዋል።

ደለሉ ሌላም ጣጣ አለው። ግድቡ ሥር እየተኛ የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ያ ደለል ትናንት ከግድቡ በላይ ባለ ገበሬ ማሳ ላይ የነበረ ለም አፈር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለከተማ ውሃ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለእነዚያ ማሳዎች እርከን ቢውል ከማንም በላይ የምትጠቀመው ከተማዋ ናት። ገበሬው አፈሩን፣ ከተሜው ግድቡን ያተርፋል።

ከአሸዋው የወጣው ውሃ ኩልል ያለ ነው። አሁንም ግን አይጠጣም። ኮሌራን፣ ታይፎይድን፣ አተት እያልን የምንጠራውን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጡ ተሕዋስያን ከአሸዋው ሊያመልጡ ይችላሉ። ስለዚህ ክሎሪን ይጨመርበታል። ቧንቧ ስትከፍቱ አንዳንዴ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ብዙዎች ሽታውን ይጠሉታል፤ እኔ ግን ሲሸተኝ ደስ ይለኛል፣ በመንገድ ላይ ጠባቂ አብሮ መጥቷል ማለት ነውና። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ቤት በሚደርሰው አንድ ሊትር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊግራም ያነሰ ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ ለጥቂት ጊዜ ቢቀመጥ ሽታው ይጠፋል። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውሃ ከሆነ ደግሞ ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው፤ ተሕዋስያንን ለመግደል በቂ ነው፣ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው እየተንፈቀፈቀ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል።

ሽቅብ የሚወጣ ውሃ

በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ላይ ነው። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃልና ሰው ተገረመ። ኢልግ ግን አስማት አልሠራም። ምንጩ ያለበት ቦታ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ከፍ ይላል። ቧንቧ ውስጥ ታፍኖ የሚሄድ ውሃ ሸለቆ ወርዶም ቢሆን ወደተነሣበት ከፍታ ለመመለስ ይገፋል። ግንበኞች ቀጭን ግልጽ ጎማ ውሃ ሞልተው የግድግዳ ልክ ሲያዩ ተመልከቱ፤ ጎማው የፈለገውን ያህል ቢጣመም በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ይቆማል።

ዛሬም ከለገዳዲና ከገፈርሳ ውሃው ወደ ከተማው የሚወርደው በአብዛኛው በራሱ ክብደት ነው። የከተማው ከፍ ከፍ ያሉ ሰፈሮች ግን ከዚያ በላይ ናቸው። አቃቂ ደግሞ የከተማው ታችኛው ጫፍ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ አራት ኪሎን በሚያህል ከፍታ ላይ ለመድረስ 300 ሜትር ገደማ መውጣት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 50 ጀሪካን፣ ያን ያህል ለማንሣት ፓምፑ ከሚያባክነው ጋር ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ውሃም ተከትሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ነፋስና መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመር ሲበጥሱ፣ ሰማዩ ውሃ እየወረወረ ፓምፑ ይቆማል። ይህ ሌላው የመልሱ ክፍል ነው።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ውሃን አሥር ሜትር ከፍ ለማድረግ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ግፊት ያስፈልጋል። መስመሩ ላይ ያለው ግፊት ዝቅ ሲል ምድር ቤት ያለው ጎረቤታችሁ ይቀዳል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ቧንቧው ያፏጫል። ሌሊት ሰው ሲተኛና የሚቀዳው ሲያንስ ግፊቱ ይመለሳል። እናቶች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው ሮቶ የሚሞሉት እንቅልፍ ስላልወሰዳቸው አይደለም።

ፈረቃ ራሱ የመጣው ከተማዋ ከውሃዋ ቀድማ ስላደገች ነው። ግድብ ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ አዲስ ሰፈር ግን በአንድ ክረምት ይበቅላል። ከሚመረተው ውሃም ትልቅ ድርሻ መንገድ ላይ፣ ባረጁና በተሰበሩ ቧንቧዎች ይፈስሳል። ፈረቃ ደግሞ ቧንቧውን ራሱን ይጎዳዋል። መስመሩ ሁልጊዜ ሞልቶ ሲገፋ በስንጥቁ በኩል ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ምንም አይገባም። ባዶ ሲሆን ግን በዚያው ስንጥቅ በኩል ከአፈሩ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ከቀናት በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ የሚሆነው በከፊል ከዚህና ከቧንቧው ዝገት የተነሣ ነው። ያን አትጠጡት፤ ወለል ማጠቢያ ያድርጉት በሏቸው።

የራሳቸው ቧንቧ የሌላቸው ቤተሰቦች ቦኖ ሄደው ወረፋ ይይዛሉ፤ ቦኖ ከሌለ ወንዝና ምንጭ አለ። 20 ሊትር የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። በገጠር ይህን ጀርባቸው ላይ አዝለው የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ ትምህርት ቤት በሚገኙበት ሰዓት መንገድ ላይ የሚሆኑም አሉ።

የጣሪያውን ውሃ መጠቀምስ አይቻልም? ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይለቀቅ። ከዚያ በኋላ ያለው በንጹሕ በርሜል ተይዞ ቢከደን ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለአትክልት ይሆናል። ከክዳኑ ጋር አትቀልዱ፤ የወባ ትንኝም ሆነች ሌላዋ ትንኝ እንቁላል ለመጣል የረጋ ውሃ ትወዳለች።

ከመታጠቢያው በታች

ቧንቧ ስትዘጉ የውሃው ታሪክ ያለቀ ይመስላል። ለብዙ መጻሕፍትም እዚያ ያልቃል፤ ስለ ፍሳሽ ማውራት ማን ይወዳል? ግን ቤት የገባው ውሃ ሁሉ ማለት ይቻላል ተመልሶ ይወጣል። ከፊሉ በፍሳሽ መስመር፣ ከፊሉ ከሴፕቲክ ታንክ በመጣጭ መኪና ተጭኖ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ትልቁ ማጣሪያ ቃሊቲ ነው። እዚያ ከለገዳዲ በተቃራኒ ዋናዎቹ ሠራተኞች ባክቴሪያዎች ናቸው። ቆሻሻውን ይመገቡታል፣ በልተው ሲጨርሱ ከውሃው ተለይተው እንዲረጉ ይደረጋል። ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ የሚገባውም ግን ብዙ ነው። በከተማዋ ወንዞች ዳር ስታልፉ ሽታው ይነግራችኋል።

ከቃሊቲ የወጣውም፣ ሳይጣራ የሄደውም፣ ከሐምሌው ጎርፍ ጋር በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። አባ ሳሙኤል ከአገራችን ቀደምት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦች አንዱ ነው። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ቆቃ ግድብ ይገባል። ከቆቃ በታች አዳማ ከተማ አለች፤ የመጠጥ ውሃዋን የምታገኘው ከአዋሽ ነው። እናንተ ጥርሳችሁን ያጠባችሁበት ውሃ፣ ከብዙ የዝናብ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ እዚያም እንደገና አልም ገብቶበት፣ በአሸዋ አልፎ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት፣ አንድ የአዳማ ልጅ ይጠጣዋል። ስለዚህ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ከአዳማ በኋላ ውሃው ወንጂንና መተሐራን አልፎ፣ የሸንኮራ አገዳ አጠጥቶ፣ ወደ አፋር ይወርዳል። በየመንገዱ ይቀንሳል፤ ማሳ ይጠጣዋል፣ ፀሐይ ይጠጣዋል። አዋሽ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ የሚቆመው በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ነው። ቀይ ባሕር ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ ግን መውጫ የለውም። ከአቤ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውሃው የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። ጠብታዎቹ ወደ አየር ሲነሡ ከኢትዮጵያ ደጋ ተሸክመውት የመጡትን ማዕድን ሁሉ እዚያው ይጥሉታል። ለዚህ ነው ከእንጦጦ ጨው አልባ ሆኖ የተነሣው ውሃ አቤ ሲደርስ የማይጠጣ ጨዋማ ሐይቅ የሆነው።